ባዶ ያልተውከው ወረቀት

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ጎበዝ መምህር እንደነበርክ ሲነግረኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ለአንተ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ተናድጄብሃለሁ።

እማዬ ጠረጴዛህን ወደ መስኮቱ አስጠግታ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣበታለች። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ቀረሁ፤ እዚሁ አቃቂ ፋብሪካ ገብቼ ክር እጠቀልላለሁ። ለፈተና ስትዘጋጅበት የነበረውን ጥራዝ ግን እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ከመደርደሪያው ያነሳው አልነበረም።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚጠይቁትን የባዮሎጂ ፈተና መለማመጃ ፎቶ ኮፒ አድርጎ የሰጠህ ባልደረባህ ጋሽ ደምሴ ነው። በዚህ ደብዳቤ አንቱ ልለው አልቻልኩም፣ ይቅር በለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትመለስ ፊት ለፊትህ አስቀምጠኸኝ የመልሱን ገጽ ታስይዘኝ ነበር። አንተ ፊደሉን ትጠራለህ፣ እኔ ትክክል ወይም ስህተት እልሃለሁ። የእኔ ደብተር እዚያው አጠገባችን ተዘግቶ ይውላል። የሰው ልጅ ስታስተምር ትውላለህ፣ እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ "አንቺስ?" አላልከኝም። እኔም አፍሬ አልጠየቅኩህም።

የማታውቀው ሲመጣ ትስቅና ትገምታለህ። ለተማሪዎችህም የምትለው ይህንኑ ነበር፦ "ባዶ አትተዉ፣ ገምታችሁም ቢሆን አጥቁሩ።"

አንተ የፈለግከው ወንዛችንን ማጥናት ነበር። ከአቃቂ ወንዝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀድተህ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ታየው ነበር። "በዚህ ሁሉ የፋብሪካ ቀለም ውስጥ እንኳ የሚኖር አለ" ስትለኝ ፊትህ ይበራ ነበር። ያ ፈተና ስለዚህ አንድም ነገር አልጠየቀህም። የወንዙን ሽታ የማያውቁ ሰዎች የምታውቀውን ሰፈሩልህ። ውጤቱ ሲመጣ አጥፈህ ኮትህ ኪስ ከተትከው። ከዚያ በኋላ ወደ ወንዙ አልወረድክም፤ ብዙም ሳትቆይ ታመምክ።

በአርባህ ማግስት ጋሽ ደምሴ መጣ። እሱም ሊፈተን ነውና በጥራዝህ በየገጹ ዳር የጻፍከውን ማስታወሻ ፈልጎ ነበር። ያንተ ጥራዝ የተገለበጠበትን የራሱን ዋና መጽሐፍ ይዞ ነበር። ለእማዬ ሲያሳያት ከመጀመሪያው፣ ከመመሪያው ገጽ ግርጌ በእርሳስ የጻፈውን አነበብኩ፦ "ስህተት መልስ ነጥብ ያስቀንሳል። ያላወቅከውን ዝለል።"

ያንተ ኮፒ ከጥያቄ አንድ ነው የሚጀምረው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ጠየቅኩ፦ "ይሄን ገጽ ለአባዬ ለምን አልሰጡትም?"

"መመሪያ ማን ያነባል ብዬ ነው፣ ልጄ" አለኝ።

ፈተናው ላይም ተጽፎ ይሆናል። አንተ ግን ዕድሜህን ሙሉ ስታስተምረው የኖርከውን አመንክ። ያናደደኝ ይህም ነው።

ያን ቀን ጥራዙን አልሰጠሁትም። እማዬ በየሳምንቱ "ስጪው፣ ነውር ነው" ትለኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ያን መመሪያ በአማርኛ በትልልቁ ጽፌ፣ ከጥያቄ አንድ በፊት አድርጌ በእማዬ መኪና ሰፋሁትና ለትምህርት ቤትህ ቤተ መጻሕፍት አስረከብኩ። ጋሽ ደምሴም እንደማንም ተሰልፎ ይዋስ።

ያን ገጽ አውቆ አስቀርቶት ይሆን? እንደ አንተ ብሆን እገምት ነበር። አላውቅምና ባዶ ትቼዋለሁ። አንተን ግን አልተውህም፤ እየተናደድኩብህም ቢሆን ወንዙን ባለፍኩ ቁጥር አስብሃለሁ።

ልጅህ