ነጥቡ ለሮክ ዘየቡ

2009 ዓ.ም.

ዓርብ፣ መስከረም 13

መብራት እስከ ምሳ ሰዓት አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ተጎልቼ ዋልኩ። ኮምፒዩተሩ ዝም፣ ኮፒ ማሽኑ ዝም። ተማሪዎቹ እየመጡ "እህት፣ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል። እኔ መብራት ኃይል ነኝ እንዴ? ሲመጣ ደግሞ ሁሉም አንዴ ተደፋብኝ። ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የተማሪ ፎቶ... ቁጭ ብዬ ሻይ የጠጣሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

ቤት ገብቼ ሰባራ ገመድን ከፈትኩ። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። "ሔራን፣ ይሄ ዘፈን ከሆነማ የነቆንጂት ውሻም ዘፋኝ ነው" አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እኛ ሰፈር፣ ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ፣ ሮክ የሚሰማ ሰው ቢቆጠር እኔና ግድግዳው ነን። በአማርኛ ሮክ የሚጫወቱ አራት ልጆች አዲስ አበባ ተነሥተዋል ብትላት አታምንም።

አመሻሽ ላይ የፌስቡክ ግሩፑ ሞቅ አለ። "የሰባራ ገመድ ልጆች"ን የከፈትኩ ጊዜ አሥር ሰው ይገባል ብዬም አላሰብኩም። አሁን ማንን ከማን እንደምለይ ጠፋኝ። አንዱ አዲስ ገቢ የጨዋታው ሕግ ምንድነው አለ። ለመቶኛ ጊዜ ጻፍኩለት፦ አንዱ ከባንዱ ዘፈን አንድ መስመር ይወረውራል። ያወቀ የዘፈኑን ስም ጠርቶ ቀጣዩን መስመር ይመልሳል። እስኪነጋ ያወቀ ከሌለ ነጥቡ የወርዋሪው ነው።

ዛሬም አብነት ጠራርጎ በላው። ልጁ የማያውቀው መስመር የለም፣ ጉራውም ልክ የለው። ናርዲ እንደ ልማዷ በየመልሱ ሥር ቀልድ እየለጠፈች ስታስቀን አመሸች።

እሑድ፣ መስከረም 15

ሮክ ዘየቡ ዛሬም ጠዋት ኢንቦክስ ገብቶ "ሰላም አደርሽ አድሚን" አለ። አንድ ቀን አይዘልም። ሌላ ነገር አይጨምርም። እኔም እንደ ሁልጊዜው አውራ ጣት ላኩለት። ማን ይሆን? ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የባንዱ ጊታሪስት ፎቶ ነው። ስሙን እንደ ቀዳሽ በግዕዝ "ዘየቡ" ያለበት ነገር ያስቀኛል። የቡን በመሰለች የአጋሮ መንገድ ትንሽ ከተማ ደግሞ ሮክ ምን ሊሠራ ገባ?

ረቡዕ፣ መስከረም 18

ምን ዓይነት ምሽት ነበር! ሮክ ዘየቡ ወረወረ። እሱ ሁሌ መላሽ ነው እንጂ ወርዋሪ አይደለም።

"ደክሞኛል። ከእንግዲህ ስሜን ብትጠሩ የሚመልስ የለም።"

ማንም አላወቀውም። አብነት እንኳ! ግሩፑ ተተራመሰ። አንዱ ከመጀመሪያው አልበም ነው ይላል፣ ሌላው መድረክ ላይ ብቻ የተዘፈነ ነው ይላል። በመጨረሻ አብነት ገብቶ "ይሄ ገና ካልወጣው አልበም ሾልኮ የወጣ ነው፣ ግጥሙ የነሱ ለመሆኑ እጄን እቆረጣለሁ" አለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሮክ ዘየቡን ከየት አገኘኸው እያለ ያፋጥጠው ጀመር። ናርዲ "የቡ ውስጥ ስቱዲዮ ተከፈተ" አለች። በሳቅ ሞትን።

እኔ ፍንጭ ስጠን አልኩት።

"ፍንጭ የለውም" አለ።

ሐሙስ፣ መስከረም 19

ነጋ። የመለሰ የለም። ሕግ ሕግ ነው ብዬ በትልቁ ለጠፍኩ፦ "ነጥቡ ለሮክ ዘየቡ! አሸንፈሃል!" ርችትም ጨመርኩበት። ላይክ አደረገ። ምንም አላለም፣ ላይክ ብቻ።

ዛሬ ሰላም አደርሽም አላለኝ። ድል ራስ ላይ ወጣ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 24

ከቢሾፍቱው የእሬቻ ሐዘን ወዲህ ከተማው ጭር ብሏል። ሱቁን በጊዜ ዘጋሁ። ግሩፑ ውስጥም ጨዋታ የለም። ማን ልብ አለው? ሮክ ዘየቡም እንደጠፋ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 26

ኢንተርኔት ጠፋ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ሲም አወጣሁ፣ ነፋሁበት... ሁሉም ሰው ጋ ነው አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ኢንተርኔት አሁንም የለም። ለካ የግሩፑን ልጆች የአንዳቸውንም ስልክ ቁጥር አልያዝኩም። የአንዱንም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ዛሬ የሆነውን ለማን ልንገር? አንድ ቀጭን ልጅ ፍላሽ ይዞ ሊያሳትም መጣ። ከኮምፒዩተሬ የሰባራ ገመድ ዘፈን ይሰማል። ቆም ብሎ ሰማ። ከዚያ ሳይጠየቅ ደራሲውንና የተቀዳበትን ወር ነገረኝ። "አብነት?" አልኩት። ክው ብሎ ቀረ። የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ከደሴ የመጣ። በየቀኑ በሱቄ በር ያልፋል! ግሩፑ ውስጥ ነብር የሆነው ልጅ ሰው ፊት ሲሆን ዓይኑን የሚጥልበት ያጣል።

ቁጭ ብለን አወራን። ያቺን የሮክ ዘየቡን መስመር አሁንም አልተዋትም። አዲሱ አልበም በዚህ ሳምንት ይወጣል፣ ሲዲውን ዘመዱ በአውቶቡስ ይልክለታል። "የስንተኛው ዘፈን እንደሆነች እናያለን" አለ። ደስ አለኝ። ብዙ ቀን ያልሳቅሁትን ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ልጻፈው።

ሲዲው መጣ። አብነት እየሮጠ አመጣው። ሱቁን ከውስጥ ዘጋንና ቁጭ ብለን ሰማን። የመጀመሪያው ላይ የለችም። ሁለተኛው ላይም የለችም። አምስተኛው ሲያልቅ "የመጨረሻው ላይ ናት፣ እንዲህ ያለ መስመር መዝጊያ ነው" አለ አብነት። የመጨረሻውም አለቀ። ሲዲው ቆመ።

አብነት ከሽፋኑ ውስጥ ያለውን ግጥም አወጣና በጣቱ እየተከተለ አነበበው። የለችም። እንደገና አነበበ።

"የለችም" አለኝ። "ሔራን፣ ከነሱ አይደለችም።"

"ታዲያ ከማን ናት?"

ወረቀቱን አጥፎ ሽፋኑ ውስጥ መለሰው። የኮፒ ማሽኑን ተደግፌ ቆምኩ። ደክሞኛል አለ። ሰው ደክሞኛል አለን... እኛ ደግሞ የስንተኛው አልበም ነው አልነው። ፍንጭ ስጠን አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።

አሸንፈሃል አልኩት። ርችት ለጠፍኩለት። ወይኔ!

አብነት "ቀልድም ሊሆን ይችላል" እያለ ደጋግሞ ሊያጽናናኝ ሞከረ። ድምፁ ግን እሱንም አላጽናናውም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 18

ነገ የቡ እሄዳለሁ። እማዬ ሰማችና በሩ ላይ ቆመች። ቀኑን አታዪም ወይ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፣ መንገዱ ፍተሻ በፍተሻ ነው፣ ማንን ብለሽ ነው አለች። ጓደኛ አልኳት። ስሙን ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። መልኩስ? አላውቅም። የማን ልጅ ነው? አላውቅም።

"ስሙንም መልኩንም የማታውቂው ጓደኛ" አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ስቃብኝ ነበር። ፊቴን አይታ መሰለኝ ነጠላዋን ልትፈልግ ገባች። አብሬሽ ልሂድ ልትል ነው። እንቢ አልኳት። አብነትንም ትቼዋለሁ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ በዚህ ሰሞን መንገድ ላይ ባይታይ ይሻላል።

በሕይወት ይኑር እንጂ ቢሰድበኝም ግድ የለኝም። ቢስቅብኝ ደግሞ... እግዜር ያሳየኝ፣ ስቆብኝ ይገላግለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 19

የአጋሮ ሚኒባስ ይዤ የቡ ወረድኩ። ገበያ ዳር ያገኘሁትን ሁሉ ሮክ የሚወድ ልጅ ታውቃላችሁ ወይ እላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳቁ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ "ማነው የላከሽ?" አለኝ። ደነገጥኩ። እውነቱን ነው፣ በዚህ ወር ስም የለሽ ሰው የሚፈልግ መልካም ነገር ይዞ አይመጣም።

እንደ እብድ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ አሰብኩ። የቡ ውስጥ ሮክ ከየት ያገኛል? ያስጭናል! ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭነው ማነው አልኩ። ሸኩር ጋ ላኩኝ። ሸኩር የሞባይል ከቨር በተንጠለጠለባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል። የሰባራ ገመድ ዘፈን አለህ ወይ አልኩት።

"ያ የጩኸቱ?" አለ። "እሱን የሚያስጭነኝ አንድ ሰው ነው። ሶሬሳ።"

ሶሬሳ። ስሙ ሶሬሳ ነው ለካ። የት አገኘዋለሁ አልኩት። ጆሮው ላይ የነበረውን ማዳመጫ አወረደ።

"ኢና ሊላሂ" አለ። "አልሰማሽም እንዴ?"

ሸኩር በርጩማ ሳበልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። መስከረም ሃያ ነው አለኝ። ላይክ ባደረገልኝ ማግስት። በምን እንደሆነ ጠየቅኩት። በሽታ ነው አለ፣ ዓይኑን ወደ ውጪ መልሶ። ምን በሽታ? በሽታ ነው፣ እህቴ፣ አለ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ልመለስ ነበር። ሸኩር ግን ሳልጠይቀው ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ተነሣ። እስከ ቤታቸው ሸኘኝ።

ግቢው ውስጥ ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያገላብጡታል። ቀሚሳቸው ላይ ጥቁር ቲሸርት ደርበዋል። ቀና ሲሉ ደረታቸው ላይ አየሁት፦ የተበጠሰች ክር ያላት ጊታር፣ ከሥሯ "ሰባራ ገመድ"። የልጃቸውን ልብስ ለብሰው ቡና ያሰጣሉ።

ሸኩር በኦሮምኛ የሶሬሳ ጓደኛ ናት፣ ከጅማ ነው የመጣችው አላቸው። ወርቂቱ ይባላሉ። "ታኢ፣ ታኢ" ብለው አስቀመጡኝ። እግዜር ያጽናዎት አልኳቸው። እህቱ አያንቱ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከኮሌጅ ተሰናብቶ ከመጣ ወዲህ ሰው አይቀርብም ነበር አለችኝ። ማድረቂያ አልጋው ላይ ይወጣል፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ነው፣ ስልኩን ይዞ ብቻውን ይስቃል። አባቷ ያንን ሳቅ አይተው ልጁን ነካክቶታል ይሉ ነበር። ከኛ ጋር ነበር የሚስቀው። በናርዲ ቀልድ ነበር የሚስቀው።

ወርቂቱ አላለቀሱም። "ጓደኛ አልነበረውም" አሉኝ በአማርኛ። "የለውም ብለን ነበር።"

ምን ብዬ ነው ያልኩት? ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። "ነበረው፣ እናቴ። በጣም ብዙ ነን። ሁላችንም እንወደው ነበር" አልኳቸው።

ቀስ ብለው አዩኝ።

"ኤሳ ቱርታን ሬ?" አሉ።

ታዲያ የት ነበራችሁ? ጅማ ተወልጄ ኦሮምኛ አልሰማም ልበል? ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አልጠፋም እኮ። ያን ዕለት ሁላችንም ነበርን። እስክንተኛ ድረስ ስሙን ስንጠራ አመሸን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 22

ሱቅ አልከፈትኩም። እማዬ ምንም አልጠየቀችኝም። አጥሚት አፍልታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስሙ ሶሬሳ ነው አልኳት። "ነፍሱን ይማረው" አለች፣ ከዚያ ፀጉሬን ትዳብስ ጀመር።

ለአብነት ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እጄን እቆረጣለሁ ብዬ ነበር እኮ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26

መብላት አልቻልኩም። የሰባራ ገመድን ዘፈን ከፍቼ ወዲያው እዘጋዋለሁ። እነሱ ምን አደረጉ? እኔ ነኝ እንጂ። ሰው ሲናገር ሁሉን ጨዋታ ያደረግኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 23

ኢንተርኔት ተለቀቀ። ስልኬ እየጮኸ ከጠረጴዛ ሊወድቅ ነበር። ግሩፑ ውስጥ ሁሉም እንኳን ተገናኘን ይባባላል። አንዱ "ሮክ ዘየቡ ነጥቡን ይዞ ተሰወረ" ብሎ የሚስቅ ፊት ደርድሯል።

ኢንቦክስ ገባሁ። ሰላም አደርሽ አድሚን፣ አውራ ጣት። ሰላም አደርሽ አድሚን፣ አውራ ጣት። ወደ ላይ ብሄድ ብሄድ አያልቅም። አንድ ቀን አንተስ እንዴት አደርክ ብዬው አላውቅም። አንድ ቀን!

ተቀምጬ ጻፍኩላቸው። "ስሙ ሶሬሳ ነበር። ያ መስመር ዘፈን አልነበረም። መስከረም 20 ሞቷል።" ከዚህ በላይ እጄ አልሄደም።

መጀመሪያ የገባው ኮሜንት ምን ይላል? "ይሄኛው ከአዲሱ አልበም ነው?"

አብነት ልጁን አፉን አስያዘው። ከዚያ ሁሉም ገባቸው። ነፍስ ይማር በነፍስ ይማር ሆነ። ጨዋታውን ዘጋሁት። ግሩፑንም ልዘጋው ነበር፣ አብነት ለመነኝ። ተውኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 5

ሱቅ ውስጥ ነኝ። ናርዲ አሁን ግሩፑ ላይ አንድ ነገር ለጠፈች። "ሳቄን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ" ይላል። ቀልድ የለውም። ሦስት ልብ ተደርጎበታል፣ አንድ ሳቅ።

ኢንቦክስ ገባሁ። "ናርዲ፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ አንቺ ነሽ?" አልኳት።

እየጻፈች ነው ይላል። ይጠፋል። እንደገና እየጻፈች ነው ይላል። ይጠፋል። አንድ ተማሪ ፍላሽ ይዞ ቆሟል፣ ቆይ አልኩት።

"እኔ ነኝ" አለች።

የት ነሽ አልኳት። ሰቶ ሰመሮ አለች። እዚሁ ጅማ? ይሄን ሁሉ ጊዜ አዲስ አበባ ያለች ነበር የሚመስለኝ። ስልኳን ላከችልኝ። ደወልኩ። አነሣች። አትናገርም፣ ትንፋሿ ግን ይሰማኛል። መጣሁ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው አልኳት።

ተማሪውን አስወጣሁት። የጠራሁት ባጃጅ በር ላይ ቆሟል። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው።