ኢያሱ የነገረኝ ዋጋ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ከሥራ ስገባ የፖስታ ሳጥኑ ሞልቷል። ቢል፣ የፒዛ ኩፖን፣ ደግሞ አንድ የታክስ ወረቀት... በስሜ። ኦንላይን የሸጥኩት የባለቤቴ የኢያሱ ዕቃ ተደምሮ ተጽፎበታል። ጀልባው፣ በክረምት በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሊያጠምድ የሚተክለው ድንኳን፣ በረዶ መብሻው። የገዛ ቤቴን ዕቃ መሸጥም ታክስ አለው እንዴ? ነጋዴ ሆንኩ?

ሾርባ አሙቄ ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 1

ሴንት ፖል፣ ኢብሲቱ ጋ ሄድኩ። የኛን ሰው ታክስ የምትሠራው እሷ ናት። ወረቀቱን አይታ አይደንግጡ እትዬ ባየሽ አለችኝ። ለራስ የተገዛ ዕቃ ከተገዛበት ባነሰ ከተሸጠ ታክስ የለውም፤ ሪፖርት ማድረግ ግን ግዴታ ነው። የሚከፈለው ከተተረፈ ነው። እያንዳንዱ ስንት ነበር የተገዛው? አለች።

ይሄም ጥያቄ ነው? ኢያሱ ዕቃ ተሸክሞ በገባ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን አልነበር? ድንኳኑ ሃምሳ ዶላር፣ ከጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ ላይ ሲሸጥ። መብሻው ሠላሳ፣ ሻጩ ወደ ፍሎሪዳ ሊሄድ ሲል። ጀልባውማ በነፃ ሊሰጡት ምንም አልቀራቸውም። እኔ ስናገር እሷ ጻፈች። መጨረሻ ላይ ቀና ብላ፣ ባለቤትዎ ዕቃ መግዛት ይችሉበታል አለች። በሁሉም አትርፌያለሁ። ይመለስልኛል ካልኩት የታክስ ገንዘብ ላይ ሊቆረጥ ነው።

እሑድ፣ ፌብሯሪ 2

ልጄ ትሕትና ደወለች። ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። አባቷ እውነተኛውን ዋጋ ነግሮኝ አያውቅም አለች። ልጅ ሆና ሱቅ ይዟት ሲሄድ፣ ለእናትሽ የምንነግራትን እኔ አውቃለሁ፣ አንቺ ዝም በይ ይላት ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?

"ማሚ፣ ጀስት አስክ ሂም" አለችኝ።

ልጠይቀው... እንዴት አድርጎ ይመልስልኛል? ስትሮኩ ከመታው ወዲህ አዎ፣ አይ፣ ውሃ። ከዚህ አላለፈም። ዕቃህን ልሽጠው ወይ ስለው እንኳ ራሱን ነቅንቆ ነው እሺ ያለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ።

ያ ወሬኛ ሰውዬ። ከሐይቅ ሲመለስ ጫማውን እያወለቀ የጀመረውን ወሬ እራት ተነስቶም አይጨርሰውም። ያመለጠው ዓሣ፣ የተሰነጠቀው በረዶ፣ እገሌ ያለው። ኧረ በቃህ፣ ጆሮዬን በላኸው እለው ነበር። አሁን ናፈቀኝ። እዚሁ ፍሪድሊ፣ ነርሲንግ ሆም ውስጥ እያለ፣ በየሳምንቱ እያየሁት ናፈቀኝ።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 8

ነርሶቹ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጠውታል። የድንኳኑን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ገዛኸው? ለታክስ ነው፣ አልቆጣም አልኩት።

ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ተነሳ። ሳቅ መሰለኝ።

"አራት" አለ።

አርባ ለማለት ነው? አይደለም።

"አራት... መቶ።"

ሃምሳ ብሎኝ! መናደድ ነበረብኝ። እጁን ይዤ አለቀስኩ። አዲስ ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ።

ረቡዕ፣ ፌብሯሪ 12

ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። በረዶ መብሻው ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ዛሬ ደግሞ በቁጥር አላበቃም። "ካርድ... ሆርዶፋ..." አለ። ሆርዶፋ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛው ነው። ደውዬ ጠየቅኩት። ለካ ቢሉ ቤት እንዳይመጣ ሁሉንም በሆርዶፋ ካርድ ገዝቶ ቀስ እያለ ሲከፍለው ኖሯል። ሆርዶፋ አፈረ፤ ደረሰኞቹን ፈልጌ እልክልሻለሁ አለኝ።

ደረሰኙ ካለ ኢያሱን መጠየቅ ለምን ያስፈልገኛል? አያስፈልገኝም። ነገም እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሯሪ 22

የጀልባው ነገር አንድ ሳምንት ፈጀ። ዋጋውን አይደለም የሚያወራው፤ ሞተሩን፣ የሻጩን ውሻ፣ ያን ቀን የጣለውን ዝናብ። ቃል ይጠፋዋል። ይፈልጋል። እኔም እጠብቃለሁ። ድሮ ቢሆን ነጥቄ እጨርስለት ነበር።

ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ቤተክርስቲያን ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለው ሲከራከሩ፣ አይበላም ያሉትም በጓሮ ለኢያሱ ይደውሉለት ነበር። ይሄን አስታወስኩትና ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ኢብሲቱ ጋ ጨረስን። በሁሉም ከስሬያለሁ፤ ታክስ የለም። በኪሳራ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው አላየሁም አለችኝ።

አብረን ስለምናስገባ ኢያሱም መፈረም ነበረበት። ወሰድኩለት። በግራ እጁ ፈረመ።

ወጥቼ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሞተር ማስነሳት አቃተኝ። የምጠይቀው አለቀ። እንደገና አዎ፣ አይ፣ ውሃ ቢሆንስ?

ቅዳሜ፣ ማርች 15

የሄድኩት ባዶ እጄን ነው። ስለ ትሕትና አወራሁት፣ አዎ አለ። ቀዝቅዞሃል? አይ አለ። ፈራሁ። ከዚያ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ያ ወፍራም ጃኬትህስ? ስንት ነበር?"

ዞር ብሎ አየኝ። "ሸጥሽው?"

አልሸጥኩትም፣ በሩ ጀርባ ተሰቅሏል አልኩት።

"ታዲያ... ታክሱ አልቋል... አላልሽም?"

"አልቋል። ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው። ናፍቀኸኝ።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። ከዚያ ስለ ጃኬቱ ጀመረ... ሆርዶፋ እንዴት እንዳሳሳተው፣ መጀመሪያ የለካው እንዴት እንደጠበበው። ዋጋው ጋ ሳይደርስ እራቱን አመጡለት። እንዳላደክመው ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ቆምኩ።

እጄን ያዘኝ።

"ቁጭ በይ። አልጨረስኩም።"

ተቀመጥኩ።