ያላደረስኩት ማመልከቻሽ

ውድ ባለቤቴ፣

ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅኩሽን ነገር ልንገርሽ። የዶክትሬት ማመልከቻሽን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። «አድርሻለሁ» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። የዋናው ቢሮ ደረጃ ሥር ቆሜ ቀደድኩት።

የአካውንቲንግ ዶክትሬቱን ማን እንዳስጀመረው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ ዩኒቨርሲቲው የአካውንቲንግ ክፍል ስታስተምሪ እኔ የዚያው ክፍል ተላላኪ ነበርኩና፣ ያዘጋጀሽውን ሥርዓተ ትምህርት ሦስቴም ወደ ዋናው ቢሮ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለቴ መለሱት። «ዶክተር የሆነ አስተማሪ ሳይኖረን ማንን ዶክተር ልናደርግ ነው?» አሉሽ። አንቺም እንግዳ መምህራን በየተራ ሦስት ሦስት ሳምንት እየመጡ የሚያስተምሩበትን መላ ዘየድሽ። በሦስተኛው ጸደቀ። ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት አንዲት ክፍል ሰጡን፤ ስድስት ወንበር ተሸክሜ አስገባሁ።

«አንዱ የእኔ ነው፤ የማይነቃነቀውን ምረጥልኝ» አልሽኝ። «ዶክተር ስሆን ደግሞ ወገቤን እዪልኝ እንዳትል፤ የአካውንቲንግ ነኝ!»

እንዴት ሳቅን!

በማግስቱ የሥራ ጓደኞቼ «አንተ ከእንግዲህ ቦርሳ ያዥ ነህ» እያሉ አላገጡብኝ። እኔ ስምንተኛ ክፍል፣ አንቺ ዶክተር። ትተሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

አምስት ሰው ገባ። «ካልመረጡኝ ሄጄ አልለምንም» አልሽና ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሽም። ከዚያ ተነስተሽ የአምስቱንም ጽሑፍ አረምሽ፤ ሲመረቁም ቆመሽ አጨበጨብሽ። አጠገብሽ ነበርኩ። ለፈጣሪ በየጸሎቴ ነግሬዋለሁ። ላንቺ ግን፣ በሞትሽ ዋዜማ አልጋ ላይ ሆነሽ እጄን ስትይዢኝ እንኳ፣ አፌ አልከፈት አለ።

ባለፈው ሳምንት ከአምስቱ አንዷ፣ ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው፣ ቤት መጣች።

«ጋሼ፣ የፕሮግራሙን ታሪክ ልናሳትም ነው። አሁን እኮ የሚያስተምሩት ሁሉ እዚሁ የተመረቁ ናቸው። ግን እትዬ ለምን ሳያመለክቱ ቀሩ? ረቂቁ ላይ ‹የመማር ፍላጎት አልነበራቸውም› ተብሏል።»

ፍላጎት አልነበራትም! አንቺ! እስከ በር ሸኘኋት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄድኩ። መምህራኑ ተሰብስበው ነበር። በሩን አንኳኩቼ ገባሁና ሁሉንም ቆሜ ነገርኳቸው። ማንም «ይቀመጡ» አላለኝም። ኃላፊዋ፣

«ጋሼ፣ ይሄ እንዴት ይጻፋል? ስምዎ ይነሳል እኮ» አለችኝ።

«ወረቀት ስጪኝ» አልኳት።

«አመልክታ ነበር። ማመልከቻዋን የቀደድኩት እኔ ባሏ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበት።