ናኦሚን ለዘመሮ ልጆች የሣሉት የመምህርት ትርሲት ኪዳነ ወልድ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ትርሲት ከአባታቸው ከመሪጌታ ኪዳነ ወልድ መልከ ጼዴቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ ጠጄ ወልደ ጻድቅ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. በግሼ፣ ራቤል ከተማ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው፤ በብራና ቁራጭ ላይ መላእክትን መሣል የጀመሩትም እዚያው ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በራቤል፣ ሁለተኛ ደረጃን በመሐል ሜዳ ተከታትለው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1979 ዓ.ም. ዘመሮ ተመደቡ። በ1982 ዓ.ም. ከአቶ ወዳጆ ትዕዛዙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ትሕትናንና ኃይለ ኢየሱስን ወልደዋል።

በ1990 ዓ.ም. ለትምህርት ቤቱ የእርዳታ መጻሕፍት በካርቶን ከአሜሪካ መጡ። ከሁሉም ሥር ሦስት የሥዕል ታሪኮች ተገኙ። ባለታሪኳ ናኦሚ የዐሥራ ሦስት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ናት። በባርነት ዘመን ከጥጥ እርሻ አምልጣ፣ ከሟች አያቷ በወረሰችው ዜማ ወንዝ እየከፈለች ሌሎችን ታስመልጣለች። መምህርት ትርሲት እንግሊዝኛውን በነጭ ወረቀት ሸፍነው አማርኛ ጻፉበት። ጠይም ፊትና ሹሩባ ያላት ጀግና በመጽሐፍ አይተው የማያውቁት ልጆች እስኪበጣጠሱ ተቀባበሏቸው። ሦስቱ ሲያልቁ «ከዚያስ?» እያሉ መግቢያ መውጫ ስላሳጧቸው መምህርቷ ቀጣዩን ራሳቸው በደብተር ይሥሉ ጀመር።

የሚቀጥለውን እናንብበው ወይስ እንዝለለው በሚል፣ አስከሬናቸው ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቤተሰቡ ሲከራከር ቆይቷል። አንዳንዶቻችን ዛሬም እንፈራለን። እሳቸው ግን እንዲነገር አዘዋል።

መምህርት ትርሲት ደፋር አልነበሩም። ነጎድጓድ ይፈራሉ፤ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው አያውቁም። በኅዳር 1998 ዓ.ም.፣ ከምርጫው በኋላ በነበረው የጭንቅ ወቅት፣ ሁለት ሰዎች ከደብተሮቹ አንዱን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። በደብተሩ ውስጥ ጅራፍ የያዘው የእርሻ አዛዥ የካድሬ ኮፍያ ተደርጎለታል። ደብተሩ የተገኘው ዓለሚቱ ከምትባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ቤት ስለነበር ልጅቷን ከክፍል አስወጥተው «ይህን ኮፍያ ማነው ያደረገለት?» እያሉ አፋጠጧት። ዓለሚቱ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። መምህርት ትርሲት በሩን ተደግፈው «ልጅቷን ተዉአት። የሣልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አርባ ሦስት ቀን ታስረው ተፈቱ። ከዚያ ወዲህ መኪና ደጃፍ ሲቆም በሰሙ ቁጥር ጓዳ ይገቡ ነበር። የቀሩትን ደብተሮች በገዛ እጃቸው አቃጠሉ፤ ሦስት ዓመት ያህልም ለሥዕል እርሳስ አላነሡም።

በ2001 ዓ.ም. ዓለሚቱ ቤታቸው መጥታ «እትዬ፣ ኮፍያውን የጨመርሁበት እኮ እኔ ነበርኩ» ብላ አለቀሰች።

«አውቃለሁ» አሏት። «የኔ መስመር እንደዚያ አይወፍርም።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ?»

«ከኔ ይበልጥ ፈርተሽ አየሁሽ።»

ከዚያ ወር ጀምሮ ናኦሚን እንደገና ሣሉ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም፤ በኋለኞቹ አራት ደብተሮች መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ በሣሉት ገጽ ናኦሚ እዚሁ አገራችን፣ ጓሳ ተራራ ላይ፣ ረጅሙ ሣር ውስጥ ተኝታ ትንፋሿን ይዛለች፤ የሚያሳድዷት ሰዎች ጫማ ከራሷ አጠገብ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ባዶ ነው።

መምህርት ትርሲት ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በአዲስ አበባ በሕክምና ሲረዱ በተወለዱ በ49 ዓመታቸው ግንቦት 9 ቀን 2007 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ባለቤታቸው አቶ ወዳጆ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው፣ ይህን የጻፍሁት ታናሽ ወንድማቸው አፈወርቅና ያስተማሯቸው ልጆች በኀዘን ተሰብስበናል።

አምላካችን ስጋት ከማይደርስበት፣ ከአብርሃም እቅፍ ያኑራት ነፍሳቸውን፤ ለእኛም ለቀረነው ልባችንን ያረጋጋልን። አሜን።