አፌን ማንም አልተከራየውም

አይ ኦቦ መርዳሳ፣ አፌን ማንም አልተከራየውም። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዎ አስጠርተውኝ፣ ቁጭ በል እንኳን ሳይሉኝ፣ «አፍህን ለዚያች ሐኪም በስንት አከራየኸው?» ብለው ለጠየቁኝ መልሴ ይኸው ነው። ያን ቀን ዝም ያልኩት ደንግጬ እንዳይመስልዎ፤ እኔ አፌን ከከፈትኩ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ስለሚሰማ፣ እርስዎን በሠራተኛዎ ፊት ላለማሳፈር ብዬ ነው።

ሰላምታ ሳላቀርብ ነገር ውስጥ በመግባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የፈራሁት እሱን ሰላምታውን ነው። በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ብልዎ ውስጡ ጤና አለበት፤ በኦሮምኛ «ፈያዳ?» ብልዎም ያው ጤና ነው። ያለ ፈቃድ የጤና ማስታወቂያ ሠራ ተብዬ ሁለተኛ ክስ ቢመጣብኝስ? ስለዚህ የእርስዎንም የቤተሰብዎንም ጤና በሆዴ ተመኝቻለሁ። በሆድ ለሚባል ነገር እስካሁን ፈቃድ አልተጀመረም፤ ከተጀመረም ይንገሩኝና ምኞቴን አነሳለሁ።

ይሄን ደብዳቤ የአዳማ ተሳፋሪዎች ግሩፕ ላይ ነው የምለጥፈው፣ ሰው አይቶ ይፍረደን ብዬ። ስለዚህ ለማያውቀኝ ሰው፦ ደገፋ እባላለሁ፣ ሠፈር ውስጥ በትልቁ ድምፅ ማጉያ ስም ሞንታርቦ ይሉኛል። የሚኒባስ ረዳት ነኝ፤ ወያላ ብትሉኝም አልቀየምም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ ጉሮሮዬ ግን ትምህርት ሳያስፈልገው ከላይ የተሰጠኝ ነው። እኔ መናኸሪያ ቆሜ «ሞጆ!» ብዬ ስጣራ ሞጆ ያለ ሰው ዞር ይላል። ኦቦ መርዳሳ ደግሞ፣ የቢሯቸው ስም ከታክሲ ወረፋ ስለሚረዝም ባጭሩ ልበለው፣ በቀጠናችን የፌርማታና የማስታወቂያ ሥርዓት የሚያስከብሩ ኃላፊ ናቸው። ባጄን ወስደውብኛል። ባጅ የሌለው ረዳት የታክሲ በር ቢይዝ ይቀጣል፤ ስለዚህ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። ይሄን ሁሉ የእረፍት ጊዜ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ በሕይወቴ እረፍት አላውቅም ነበር።

ወንጀሌን ልናገር። በእኛ መስመር ላይ ድሮ «ጎሚስታው ጋ» የሚባል ፌርማታ ነበር፤ ጉቱ ጎማ የሚለጥፍበት። አምና ክረምት የታክሲው በር ጣቴን ቀረጠፈኝ። ደሙ ሲወርድ ጉቱ አየና «አንተ፣ ምን ያስጮህሃል? ከኋላዬ ሐኪም አለች እኮ!» አለኝ። እንግዲህ ይታይዎ፣ እኔ የአዳማን ቀዳዳ ሁሉ የማውቅ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ እዛው ቦታ ላይ የምጮህ ሰው፣ ከጎማው ክምር ኋላ ክሊኒክ መኖሩን አላውቅም ነበር። ገባሁ። ሁለት ክፍል ነው። አንድ አግዳሚ አለ፣ አግዳሚው ላይ ማንም የለም። ዶክተር ኑሰይባ ራሷ በር ከፈተችልኝ፣ ራሷ ካርድ አወጣችልኝ፣ ራሷ ሰፋችኝ።

መርፌው ሲገባ እንዳላለቅስ ማውራት ነበረብኝና «ሰው የት ሄዶ ነው?» አልኳት።

«ሰው መኖሬን መች አወቀ» አለችኝ።

ያላደረገችው ነገር የለም። በራሪ ወረቀት አሳትማ በትናለች፤ «የደም ግፊትዎን ይለኩ» የሚለውን ወረቀት እኔው ራሴ ሳምቡሳ ተጠቅልሎልኝ በልቼበታለሁ፣ ያላነበብኩት ዘይቱ ፊደሉን ስለሸፈነው ነው። የቴሌግራም ቻናል ከፍታለች፤ የገቡላት አብረዋት የተማሩ ሐኪሞች ብቻ ናቸው፣ ሐኪም ለሐኪም ደግሞ ምን ይሠራል? ሰሌዳ ሰቅላለች፤ የጉቱ ጎማ ፊቱ ተቆልሎበት ከመንገድ አይታይም። ሬድዮ ጠይቃ ዋጋውን ሲነግሯት የራሷን ደም ግፊት ለክታ ተመለሰች።

«ዶክተር፣ ማርኬቲንጉን ለእኔ ተይው» አልኳት። ሳቀች። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅብኝ አልወድም።

በማግስቱ ፌርማታው ጋ ስንደርስ፣ ጣቴ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ «ኑሰይባ ጋ! ኑሰይባ ጋ የሚወርድ!» ብዬ ለቀቅኩት። ሾፌሬ ዞሮ «ማናት ደግሞ? አገባህ እንዴ?» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። አንዷ «ኑሰይባ ምንድናት?» ብላ ጠየቀች። «ሐኪም ናት፣ ከጎማው ኋላ» አልኩ። በቃ። ማስታወቂያ ያሉት ይኸው ነው። ሌላው ወያላ ከእኔ ሰማ፣ ከሱ ደግሞ ባጃጁ ሰማ፣ ክረምቱ ሲወጣ ጎሚስታ የሚል ሰው ጠፋ። አግዳሚዋ ሞላች። ተማሪ ሆነው ወፍራም መጽሐፍ የተሸከሙት ልጆች ሳይቀሩ እንዲህ ያለ ማርኬቲንግ ከየት እንደተማርኩ ይጠይቁኛል። የተቀየመኝ ጉቱ ብቻ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ጎማ ለጥፌ ያገኘሁትን ስም በአንድ ጣት ሸጥከው!» እያለ መፍቻ ይዞ አባሮኛል። ኋላ ግን ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የሱ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያጫውተው ታረቀኝ።

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቢሮ ያለ ቁጥር ነገር እንደማይገባው አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ደብዳቤዎ ፌርማታን በሰው ስም መጥራት ማስታወቂያ ነው ይላል። ጎሽ። ታዲያ ፍራንኮ የሚባለው ሠፈር፣ ፍራንኮው ማን ነው? እኔ አላየሁትም፣ እናቴም አላየችውም፣ አዳማ ግን ሲነጋም ሲመሽም ይጠራዋል። ለየትኛው ወያላ ከፍሎ ነው? በእኛው መስመር «ወፍጮ ቤት» የሚባል ደግሞ አለ፤ ወፍጮው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፣ ባለቤቱም ነፍሱን ይማረውና ሞቷል። ለሟች ማስታወቂያ ሠራችሁ ተብለን ከተከሰስን ሟቹን ማን ሄዶ ቃሉን ሊቀበል ነው? እርስዎ ይሄዳሉ? ትክክለኛው መጠሪያ ብለው የላኩልንንም አነበብኩት፦ «የምሥራቅ ቀጠና ቁጥር ሁለት የሕዝብ ማመላለሻ መሳፈሪያና መውረጃ ነጥብ»። ሰው አክባሪ ስለሆንኩ ሞከርኩት። «ማመላለሻ» ላይ ስደርስ ታክሲው ፌርማታውን አልፏል። «ነጥብ» ስል ወፍጮ ቤት ደርሰናል። ከኋላ አንዲት እናት «ውይ ልጄን፣ ምን ነካው? ውሃ ስጡት!» አሉ።

ሁለተኛ፣ እኔን የሚከነክነኝ ጊዜው ነው። ከአምና ክረምት እስከ ዘንድሮ ፋሲካ «ኑሰይባ ጋ» ስል አንድም ቀን አልሰማችሁኝም፤ እኔን አለመስማት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ግን ከፌርማታው ማዶ ያ ባለ ሊፍቱ ትልቅ ክሊኒክ ተከፈተ። ስሙን አልጠራም፤ ከጠራሁት ማስታወቂያ ይሆንና እርስዎን በነፃ ያስደስታል። በሩ ላይ ቤት የሚያክል ስክሪን ተክሏል፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ይሮጣል፣ አንብቦ የጨረሰው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይሄ ከተከፈተ ወዲህ የተራ አስከባሪዎቹ ራስ ላይ አዲስ ኮፍያ አየሁ፤ ኮፍያው ላይ ያለው ምልክት ስክሪኑ ላይ ያለው ራሱ ነው። ለፀሐዩ አዝነውላቸው ይሆናል። ከዚያ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ፌርማታው ላይ ቆሞ ስጮህ በስልኩ ሲቀዳኝ ነበር፤ አድናቂዬ መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩለት። ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ።

ደብዳቤው «ከኅብረተሰቡ በደረሰን ጥቆማ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ኅብረተሰቡ እኮ የሚሳፈረው እኔ ጋ ነው! አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ከኋላ ወንበር ያለውም፣ ጋቢና ያለውም፣ ቆሞ የሄደውም አልጠቆምኩም አለኝ። ያልጠየቅኩት በሊፍት የሚወጣና የሚወርደውን ኅብረተሰብ ብቻ ነው።

ቢሮዎ ስገባም ዓይኔ አላረፈም። ከወንበርዎ ጀርባ አዲስ ካላንደር ተሰቅሏል፣ ሊፍቱ ፎቶ ተነስቶበት። ኦቦ መርዳሳ፣ በግንቦት ካላንደር የሚያትም ማን ነው? ዓመቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት? እንዲሁ ነው የጠየቅኩት። ግድግዳው ተሰንጥቆብዎት መሸፈኛ ፈልገው ሊሆን ይችላል፣ እኔ ሰው አልጠረጥርም።

ከዚያ ያንን ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። «ከዶክተር ኑሰይባ እየተከፈለኝ ያልተፈቀደ የጤና ማስታወቂያ ሠርቻለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ባጄ ይመለሳል፣ የሷ ክሊኒክ ይታሸጋል። ካልፈረምኩ የፊታችን ዓርብ ባጄ ለዘለዓለም ይሰረዛል። ስላማረጡኝ አመሰግናለሁ፤ የበዓል በግ እንኳን ቢላዋ ምረጥ አይባልም።

ዶክተር ነገሩን ሰምታ ደወለችልኝ። «ፈርምና ሥራህን ያዝ፤ እናትህ የምታየው አንተን ነው። እኔ ሻሸመኔ ወንድሜ ጋ ሄጄ እቀጠራለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሻሸመኔ ከሄድሽ እኔ እዚህ ምን ብዬ ልጮህ ነው?» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ሰው ሲስቅብኝ አልወድም ብያለሁ፣ አለመሳቋ ግን ባሰብኝ።

እውነቱን ከፈለጉ፣ ይሄ ነገር ሲጀመር ጉራዬ ነበር። አሁን ግን እትዬ ሽታዬ አሉ። ስኳር አለባቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ማንበብ ድሮም አልተማሩም። ታክሲ ውስጥ ይቀመጡና ጆሯቸውን ያቆማሉ፤ «ኑሰይባ ጋ» ሲባል ዱላቸውን ይዘው ይነሳሉ። ባጄን በወሰዱብኝ ማግስት በእኔ ቦታ የገባው ልጅ የድሮውን ስም መጥራት ፈራ፣ አዲሱን አልቻለበትም፣ ዝም ብሎ አለፈው። እትዬ ሽታዬ መጨረሻው ድረስ ተወሰዱ። እኔ እንዲሁ በእግሬ ስዞር መናኸሪያው ጋ ፀሐይ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፤ ያለፈ ያገደመውን «ኑሰይባን አፈረሷት እንዴ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሰሌዳ ለሚያነብ ነው ኦቦ መርዳሳ። ስክሪንም ለሚያይ ነው። የእሳቸው ሰሌዳ የእኔ አፍ ነበር፣ እሱን ነው ያሸጉት። ክንዳቸውን ይዤ ክሊኒኩ ድረስ በእግር ወሰድኳቸው። መንገድ ላይ አንዴም ጮክ ብዬ አላወራሁም፤ ቢጠይቁ ይነግሩዎታል።

ስለዚህ አልፈርምም። ያልበላሁትን በላሁ ብዬ አልፈርምም።

ሦስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ትልቅ ሰው ፊት ግን ሁሉም ነገር ቀስ ነውና ወደ ታች አውርጄዋለሁ።

ሞጆ የሚደርሰውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ሊፍት ስለሌለኝ በእግሬ ደጅዎ ድረስ መጥቼ እጅ የምነሳ፣ ለጊዜው ድምፁ የተዘጋበት ታዛዥዎ

ደገፋ (ሞንታርቦ)
የምሥራቅ ቀጠና ቁጥር ሁለት የሕዝብ ማመላለሻ (ይቅርታ፣ አልፈነዋል)

ግልባጭ፦
ለጉቱ ጎሚስታ (እጁ ሙጫ ስለሆነ አንብቡለት)
ለአቶ ፍራንኮ፣ ካሉ

ማሳሰቢያ፦ ሦስተኛው ቅሬታ ይኸው። ደብዳቤዎ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ሰኞ ዝናብ ጥሎ ነበር። መኪናዎ ተበላሽቶ ነው መሰለኝ፣ ማስክ አድርገው የእኛ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ያኔ ማን እንደሆኑ አላወቅኩም፤ ያወቅኩዎት ማክሰኞ ቢሮዎ ሲቆጡኝ በድምፅዎ ነው፣ እኔ ፊት ብረሳ ድምፅ አልረሳም። «አባቴ፣ የት ልጣልዎ?» ስልዎ ቁጥር ሁለት ነጥብ አላሉኝም። ባለ ሊፍቱንም በስሙ አልጠሩትም። ታክሲ ሙሉ ሰው እየሰማ «ኑሰይባ ጋ ወራጅ አለ!» አሉ። ወረዱ፣ አስፋልቱን ተሻገሩ፣ ባለ ሊፍቱ ገቡ። ስንመለስ እኛው ነን ያሳፈርንዎ፤ በብብትዎ ካላንደር የሚያክል የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ይዘው ነበር፣ ዝናብ እንዳይነካው ኮትዎን አልብሰውት። ያን የሚያክል ስክሪን ተተክሎልዎ እያለ ቤቱን ያገኙት በእሷ ስም ነው።

ስለዚህ የጠየቁኝን መልሼ በትሕትና እጠይቅዎታለሁ፦ አፍዎን ለዶክተር ኑሰይባ በስንት አከራዩት? በነፃ ነው ካሉ የእኔም በነፃ ነው፣ ባጄን ይላኩልኝ። ተከፍሎኛል ካሉ ወረቀቱን ያምጡና ጎን ለጎን እንፈርማለን። ዓርብ ሳይደርስ፣ እዚሁ ግሩፕ ላይ፣ ሰው እያየ ይመልሱልኝ። ቶሎ!