የማስጠንቀቂያ መብራቷ ስለጠፋላት አምቡላንስ

ይድረስ ለክቡር አቶ አምላኩ፣
የጮቄ ጥላ አምቡላንስ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ፣
ቢቸና።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላ ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴ የይስሙላ አይደለም፤ እርስዎ ቢታመሙ የሚጫኑት በዚያችው በማኅበርዎ መኪና ነውና ጤናዎ ከልብ ያሳስበኛል። እኔ ሞጣ ውስጥ ልብስ በመስፋት የምተዳደር ስጦታው የምባል ሰው ነኝ። ሰሞኑን ባለቤቴን የትናየትን ለወሊድ ያነሳቻት አምቡላንስ የእርስዎ ነበረች። ይህን ውለታ በዝምታ ማለፍ ነውር ስለመሰለኝ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። የማኅበሩ መካኒክ አስናቀው በኋላ እንዳስረዳኝ፣ በመኪናዋ ውስጥ ሞተሩን፣ ፍሬኑንና ቁልፉን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ የሚነጋገሩትም አብረው በተጠመዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው። ሾፌሩ ጓዴ ኮረኮንች ላይ በወጣ ቁጥር የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ በአንዴ ቦግ እንደሚሉ ሲያመለክት፣ አስናቀው መመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ አየ። የሞተሩ ኮምፒውተር የቁልፉን አጣሁት ይላል፤ የፍሬኑ ደግሞ የሞተሩን አጣሁት ይላል። ኮምፒውተሮቹ ደህና እንደሆኑና የተበላሸው መነጋገሪያቸው እንደሆነ ገባውና ከሾፌሩ እግር ሥር ምንጣፉን ሲገልጥ ውሃ ገብቶበት የዛገ የሽቦ ማገናኛ አገኘ። እስኪቀየር ድረስ መኪናዋ እንድትቆም ለመነዎት። እርስዎም ነገሩ በሚገባ ገብቶዎት ሳለ፣ መኪናዋን የለገሱ እንግዶች ሊጎበኙ ስለሚመጡ፣ ማሽኑ የመዘገበውን ስህተት ብቻ ሰርዞ መብራቶቹን እንዲያጠፋ አዘዙት። አጠፋቸው። እንግዶቹም ንጹሕ ዳሽቦርድ አይተው፣ ከጎኗ ፎቶ ተነሥተው፣ ደስ ብሏቸው ሄዱ።

ሁለተኛ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ማገናኛውን ሳያስቀይሩ መኪናዋን ወደ ሥራ ስለመለሷት አመሰግናለሁ። ሕዝቡ እንዳይጉላላ አስበው እንደሆነ እረዳለሁ።

ሦስተኛ፣ የትናየት ምጥ ጠንቶባት ሐኪሞች በፍጥነት ለቀዶ ሕክምና ሲልኳት፣ መኪናዋ ሳትዘገይ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስለደረሰች አመሰግናለሁ። ጓዴም ጥሩ አድርጎ ነዳት። ጉንደ ወይንን አልፈን መንገዱ ማንገጫገጭ ሲጀምር ግን ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞር አልነሳ አለ። ሞተሩ ከቁልፉ መልእክት ስላልደረሰው የገዛ ሾፌሩን እንደ ሌባ ቆጥሮት ነበር። ጓዴ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ምንጣፉን ገልብጦ፣ ሽቦዎቹን በጣቱ እየነካካ ሲያለቅስ፣ እኔ ኮሌታውን ይዤ ናጥሁት። ያስለቀቀችኝ የትናየት ናት።

«ተወው፣ እሱ ምን ያድርግ» አለችኝ። ሆዷን ዳብሳም፣ «ልጅቷ መንቀሳቀስ አቆመች» አለች።

ሴት መሆኗን በአልትራሳውንድ ነግረውን ስለነበር ከወራት በፊት ጀምሮ ልጅቷ እያልን ነበር የምናወራት።

መጨረሻ ላይ ጤፍ የጫነ አይሱዙ አገኘንና፣ ጋቢና መቀመጥ ስላልቻለች ጆንያ ላይ አስተኝተን ፀሐዩን በጋቢዬ ከለልሁላት። ሆስፒታል ደረስን። የትናየት ተረፈች። ልጃችን ሳታለቅስ ወጣች። ለዚህስ በስንተኛ ተራ ቁጥር እንደማመሰግንዎ አላውቅም።

ልጄን ከቀበርሁ በኋላ ቢሮዎ ስመጣ በታላቅ ትሕትና ተቀብለውኛል። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ «መኪናዋ ስትነሳ አንድም የማስጠንቀቂያ መብራት አልበራባትም፤ የፈጣሪ ፈቃድ ነው» አሉኝ። እኔም አምኜ ወጣሁ። በር ላይ ጠብቆ እውነቱን የነገረኝ አስናቀው ነው። ማሽኑን ሰክቶ መብራቶቹን ያጠፋው በገዛ እጁ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ፤ እንጀራውን ሊያሳጣው እንደሚችል እያወቀም ስሙን እንድጽፍ ፈቀደልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ልጄን ይመልሱልኝ አልልም። ካሳም አልጠይቅም። የሽቦውን ማገናኛ ይቀይሩ እላለሁ። ትናንት ያችው መኪና ሳይረኗን እያሰማች በሞጣ ገበያ ስታልፍ አየኋት። ውስጧ ማን እንደተኛች አላውቅም። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት፤ እኔም ለቀቅሁ።

ክብርዎ ከፍ ከፍ እንዲል፣ እንግዳም ከደጅዎ እንዳይጠፋ ከልብ እየተመኘሁ፣ ስም ሳላወጣላት የቀበርኋት ልጅ አባት፣

አክባሪዎ ስጦታው
ከሞጣ

ማስታወሻ፦ የትናየት በማኅበሩ የምሥረታ በዓል ላይ እናቶችን ወክላ ምስጋና እንድታቀርብ የላኩት ጥሪ ደርሶናል። ሆኖም መገኘት ስለማትችል ይቅርታዎን እንለምናለን። ልጅቷ እንደሌለች ጡቷ ገና አልሰማም፤ በየጠዋቱ እያጋተ ቀሚሷን ያረጥበዋል። እንግዶችዎ ፊት እንዲህ ሆና ልትቆም አይገባም።