ሰባት ቤት ልንቆጥር ማሪዬታ ሄድን

ይድረስ ለወንድሜ ለብርሃነመስቀል ሙላው፤ ኪጋሊ።

እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ መንገድ ሥራው ላይ ጎንበስ ቀና ስትል አሁንም ይይዝሃል? እጮኛህ ኡሙሆዛስ ደኅና ናት? እናቷስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባባም ከናፍቆትህና ከጉልበታቸው ሕመም በቀር ምንም አላሉ።

የላክሁልህ በርበሬ በፌስታል ስለተጠቀለለ ኤርፖርት ላይ ፌስታሉን ቀምተው በርበሬውን አሳቀፉህ አሉ። ይበልህ፤ አገሩ ፌስታል እንደሚከለክል ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሕዝቡ ሁሉ አካፋ ይዞ ወጥቶ አገር እንደሚያለማ፣ አንተም ከጎረቤቶችህ ጋር ቦይ እንደምትቆፍር ለአባባ ብነግራቸው፣ መሐንዲስ አድርጌ ያስተማርኩት ለዚህ ነው ወይ ብለው ራታቸውን ትተው ተነሡ። ጎን ለጎን ከሚቆፍሩት አንዱ ያኔ በዘር ፍጅቱ ጊዜ የገደለ፣ ሌላው ከዕልቂቱ የተረፈ ሊሆን እንደሚችል ስነግራቸው ግን ተመልሰው ተቀመጡ።

አሁን ወደምትጠብቀው ወሬ ልግባ። ባለፈው እሑድ ልጅቷን ልንጠይቅልህ ከአትላንታ ወጣ ብላ ያለችው ማሪዬታ፣ አጎቷ አቶ ካሊሳ ቤት ሄድን። አባባና ጓደኛቸው አቶ ኃይለማርያም ነጭ ጋቢ ለብሰው ከኋላ፣ እኔ ሾፌርም አስተርጓሚም ሆኜ ከፊት። ስንደርስ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም ብለው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። አቶ ካሊሳም እንግዳ ቆሞማ አልቀመጥም ብለው ቆሙ። ሚስታቸውም ትሪ እንደያዙ ቆሙ። ብለምን ብለምን የሚሰማኝ አጣሁ። በመጨረሻ የገላገለን የአባባ ጉልበት ነው፤ እሳቸው ዘፍ ሲሉ ሁሉም ተቀመጠ።

ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፣ ለመሆኑ ዘሯ ከየትኛው ወገን ነው አሉ። ደብረ ብርሃንና ኪጋሊ በምን ሊዛመዱ እንደሚችሉ እንጃላቸው! እዚያ አገር ይህ ጥያቄ ስንት ሰው እንዳስፈጀ አንተው ነግረኸኛልና አፌ ተሳሰረ። አባባ ደግሞ "ምነው፣ ተርጉሚ እንጂ!" ብለው ተቆጡኝ። እንደምንም ተረጎምኩ። ጋብቻህን በገዛ አፌ ያፈረስኩት መሰለኝ።

አቶ ካሊሳ አልተቆጡም። ሩዋንዳዊት ናት፣ ሌላ መልስ የለኝም አሉ። አባቷና ሌላው ወንድሜ ዛሬ አብረውን ያልተቀመጡት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው፣ ቁጠር ካላችሁኝ ግን የቀረነውን እቆጥርላችኋለሁ አሉ።

አባባ አንገታቸውን ደፉ። ቀና ብለውም፣ የጎደለባት ሁሉ ከእኛ ቤት ይቆጠርላት፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ልጅ ናት አሉ። ይኼኔ አቶ ኃይለማርያም ብድግ ብለው "ኧረ ተው ሙላው! ያንተ ልጅ ከሆነችማ እህቱ ሆነች፤ ጋብቻው ፈረሰ እኮ!" ብለው ጮኹ። ስተረጉምላቸው አቶ ካሊሳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሚስታቸውም ሳቁ፤ እኔማ ወንበር ይዤ ነው የተረፍኩት።

ሳቁ በረድ ሲል አቶ ካሊሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ በእናንተ አገርስ ይህን ጥያቄ ዛሬም ትጠያየቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አባባ "እንዳዩኝ ነው፤ ገና አልተውነውም" አሉ። አቶ ካሊሳ እጃቸውን ይዘው ልጃችንን ሰጥተናል አሏቸው። እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! ቤታችን አቮንዴል እስቴትስ እስክንደርስ ሀይዌዩን በእልልታ አደባለቅሁት።

ለኡሙሆዛ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ እናቷንም እጅ ንሣልኝ። ባለቤቴ ኢሳያስ ሰላም ይልሃል፤ ሱፍህን እሱ ይገዛልሃል። ልጄ ቅድስት ሚዜ ካልሆንኩ ብላ ታስቸግራለች። አባባ ደግሞ ይህን ጻፊለት ብለውኛል፤ በሰርጉ ቀን አዳራሹ በር ላይ ቆመው፣ ዘሯ ምንድን ነው የሚል ዘመድ ከመጣ ወደ መጣበት ሊመልሱ ነው። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው። ዘመዶቻችንን ታውቃቸው የለ? ከእኛ ወገን አዳራሹ ውስጥ የሚገባ ሰው እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ።

እህትህ ፋናዬ ሙላው
አትላንታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.